የቆየ ሎግ በአነስተኛ ወጪ የት ይቀመጥ?

ጥያቄ፦ ሁለቱ ሰርቨሮቻችን በየደቂቃው እያንዳንዳቸው አንድ የሎግ (የሥራ ክንውን መዝገብ) ፋይል ወደ አማዞን ኤስ ስሪ፣ ማለትም በኢንተርኔት ወደሚሠራው የፋይል ማከማቻ፣ ይልካሉ። በዓመት ውስጥ እያንዳንዳቸው 10 ኪሎባይት ገደማ የሆኑ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ፋይሎች ተከማችተዋል። ለአምስት ዓመት ልናቆያቸው ስለሚገባ፣ በዚያው ማከማቻ ውስጥ በዋጋ ዝቅተኛ ወደሆነው የማከማቻ ዓይነት፣ ግሌሸር ዲፕ አርካይቭ፣ ብናዛውራቸው ወጪያችን ይቀንሳል?

መልስ፦ አሁን ባሉበት ሁኔታ ካዛወሯቸው አይቀንስም። አማዞን ለሰሜን ቨርጂኒያ (አሜሪካ) ማዕከሉ ባወጣው የዋጋ ተመን አንድ ጊጋባይት በመደበኛው ማከማቻ በወር 0.023 ዶላር፣ በዲፕ አርካይቭ ደግሞ 0.00099 ዶላር ስለሚያስከፍል ልዩነቱ ከሃያ እጥፍ በላይ ነው፤ ብዙዎችን የሚያዘናጋውም ይኸው ቁጥር ነው። ነገር ግን ክፍያው በፋይል ብዛትም ይሰላል። ለማዛወር በየሺህ ፋይሉ 0.05 ዶላር ስለሚጠየቅ አንድ ሚሊዮኑ 50 ዶላር ያስወጣል። በተጨማሪም በእያንዳንዱ ፋይል ላይ 40 ኪሎባይት የመዝገብ መረጃ ይታከላል፤ ከዚህም 8ቱ የሚከፈልበት በመደበኛው ዋጋ ነው። ስለዚህ ዛሬ ለ10 ጊጋባይት የሚከፍሉት 23 ሴንት ከተዛወረም በኋላ ያው ነው ለማለት ይቻላል። አማዞንም ከሴፕቴምበር 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሚወጡ የማዛወሪያ ደንቦች ከ128 ኪሎባይት በታች የሆኑ ፋይሎች፣ ባለቤቱ ካላዘዘ በቀር፣ ባሉበት እንዲቆዩ አድርጓል።

መፍትሔው ከማዛወር በፊት ማዋሐድ ነው። የእያንዳንዱን ሰርቨር የቀን ሎግ በአንድ ፋይል ሰብስበው የፋይልን መጠን በሚያሳንሰው በጂዚፕ ፕሮግራም ይጭመቁት፤ የሎግ ጽሑፍ ተመሳሳይ መስመሮች ስለሚደጋገሙበት ብዙ ጊዜ ወደ አንድ አሥረኛው ይወርዳል። ያኔ በዓመት 730 ፋይሎች ብቻ ስለሚኖርዎት የማዛወሪያው ክፍያ ከ4 ሴንት አያልፍም። በፋይሉ ስም ላይ የአገልግሎቱን ስምና ቀኑን ማስፈር አይዘንጉ፤ አለበለዚያ የአንድ ቀን ስሕተት ለመመርመር የወር ሎግ ማስመለስ ግድ ይሆናል።

የቅርብ ጊዜውን ሎግ ግን፣ በእኔ አስተያየት ቢያንስ የሦስት ወሩን፣ ከመደበኛው ማከማቻ አያንሱት። ከዲፕ አርካይቭ ፋይል ለማስመለስ እስከ 12 ሰዓት፣ በርካሹ አማራጭ እስከ 48 ሰዓት ይወስዳል፤ ከ180 ቀን በፊት ለሚጠፋ ፋይልም የቀሪው ጊዜ ሂሳብ ይከፈላል። ኦዲተሮች የቆየ ሎግ በዕለቱ የሚጠይቁ ከሆነ ለአንድ ጊጋባይት በወር 0.004 ዶላር የሚያስከፍለውና ፋይሉን ወዲያውኑ የሚመልሰው ግሌሸር ኢንስታንት ሪትሪቫል ይሻላል። ዋናዎቹን ትንንሽ ፋይሎች ከማጥፋትዎ አስቀድሞ ከተዋሐዱት አንዱን አስመልሰው ይክፈቱና መስመሮቹ ሙሉ መሆናቸውን ያረጋግጡ።