መዶሻውና ገደሉ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ ነው የምሠራው። እኛ ማርቴሎ የምንለውን እንግሊዙም ጀርመኑም ሐመር ይሉታል። አንድ ጓደኛዬ «ከግእዙ ሐመር የተወሰደ ነው» ብሎ ድርቅ አለብኝ። ለመሆኑ እ.ኤ.አ. በ1994 የክረምት ኦሊምፒክ የተካሄደባት የኖርዌይ ከተማ ሊልሐመር የተባለችው መዶሻ ይሠራባት ስለነበር ነው?

መልስ፦ ከጓደኛህ ልጀምርና ልገላገል። የግእዙ ሐመር መርከብ ነው፤ ሐመረ ኖኅ ስንል እንደምትሰማው። ድምፁ ገጠመ እንጂ ዝምድና የላቸውም። የእናንተው ማርቴሎ ደግሞ ጣሊያንኛ ነው፤ ለሁለቱም ባዳ።

የእንግሊዙና የጀርመኑ ሐመር ከሆላንዱ ሃመርና ከስዊድኑ ሐማረ ጋር የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ነገሩ የሚጥመው ጥንታዊው የኖርስ ቋንቋ፣ ማለትም የድሮ ስካንዲኔቪያውያን ቋንቋ፣ ላይ ስንደርስ ነው። እዚያ ሐማር ማለት መዶሻም ነው፣ ቀጥ ብሎ የቆመ የድንጋይ ገደልም ነው። አይስላንዶች ዛሬም ለሁለቱም ይጠሩበታል። ስለዚህ የከተማዋ ስም የመጣው ከገደሉ ወገን ነው፤ «ሊል»፣ ማለትም «ትንሿ»፣ የተባለችውም በስተደቡቧ ካለችው ሐማር ከተማ እንድትለይ ነው። በሰሜን ጫፍ ያለችው ሐመርፌስትም ጀልባ የሚታሰርበት ዓለት ማለት ናት። ጓደኛህ በጀልባዋ ይጽናና።

ገደልና መዶሻ ምን አገናኛቸው? ድንጋይ ነዋ! ሊቃውንቱ ቃሉን ከሩስኛው ካሜን፣ ከሊትዌንያው አክሙኦና ከሳንስክሪቱ አሽማን ጋር ያዛምዱታል፤ ሦስቱም ድንጋይ ናቸው። የግሪኩ አክሞን ደግሞ መስፍ ነው፣ ብረት ቀጥቃጩ የሚደበድብበት። ብረት ሳይመጣ በፊት መምቻው ድንጋይ ስለነበር ስሙም ከድንጋዩ ጋር ቀረ ማለት ነው። ባለፈው ሰኞ ባቲ ገበያ አንዱ የመዶሻው ራስ ከእጀታው ሲወልቅበት፣ ከእግሩ ሥር ጥቁር ድንጋይ ብድግ አድርጎ ሽብልቁን ሁለት ጊዜ ቀጨም ቀጨም አደረገና ሥራውን ቀጠለ። ምንም አልመሰለውም።

«ክ» እንዴት «ሀ» ሆነ ብለህ እንዳትሞግተኝ። ጀርመናዊው የቋንቋ ሊቅ ያዕቆብ ግሪም እ.ኤ.አ. በ1822 የዚህን የድምፅ ለውጥ ሕግ አብራርቶ ጽፎታል፦ የላቲኑ ኮርኑ፣ ማለትም ቀንድ፣ በእንግሊዝኛ ሆርን ነው። እኛም ቤት አለ። አያቴ «ከደሴ» ብላ አታውቅም፤ «ኸደሴ» ነው የምትል።

የአማርኛ መሣሪያ ስሙን በአብዛኛው የሚያወጣው ከሥራው ነው፤ ማጭድ ከማጨድ፣ ማረሻ ከማረስ፣ መጥረቢያ ከመጥረብ፣ ምላጭ ከመላጨት። ከድንጋይ ስም የወጣለት ጥቂት ነው። ግን ባልጩት አለልህ፤ ድንጋዩም ባልጩት፣ ስለቱም ባልጩት። ልጅ ሆኜ ጠጉሬ ሲያድግ አያቴ «ኸጓዳ ባልጩቱን አምጣ» ትለኝ ነበር። ድንጋይ ትበል ምላጭ ሳልለይ፣ ራሴን በእጄ ሸፍኜ ወደ ጦሳ ተራራ እሮጥ ነበር።