ያላበቀልነው ባክቴሪያ ፕሮቲን እንዴት ይገኛል?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች! አራት ኪሎ ባዮሎጂ እየተማርኩ ነው። ከእንጦጦ ጫካ ያመጣነውን አፈር ፔትሪ ዲሽ (ባክቴሪያ የሚያድግበት ሳህን) ላይ ዘርተን ከጥቂት የባክቴሪያ ነጠብጣብ በቀር ምንም አልበቀለም። ጓደኛዬ «አሁን እኮ ማሳደግ ቀርቷል፣ ዲኤንኤውን በቀጥታ ከአፈሩ ማንበብ ነው፤ አዲስ ፕሮቲን እንደሆነ በሽ ነው» አለኝ። እውነት ነው? ተማሪዋ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ግማሹ እውነት ነው እህቴ። ነጠብጣቡ ያነሰው በአንቺ ጥፋት አይደለም። በአንድ ግራም የጫካ አፈር ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር የባክቴሪያ ዓይነት አለ፤ አብዛኛው ግን ላብራቶሪ ውስጥ የምናቀርብለትን ምግብ አይነካም። ሁሉንም ዲኤንኤ በአንድ ላይ አውጥቶ ማንበብ የተጀመረው ለዚህ ነው። «ሜታጂኖም» (በአንድ ቦታ ያሉ ጥቃቅን ሕያዋን ዲኤንኤ በጠቅላላ) የሚለው ስም በፈረንጆቹ 1998 ወጣ።

መጀመሪያ የሚያስቸግርሽ ግን አፈሩ ራሱ ነው። ቅጠል የበሰበሰበት አፈር ስለሆነ ያወጣሽው ዲኤንኤ ቀጠን ያለ ሻይ መስሎ ይመጣል። ያ ቀለም ሂውሚክ አሲድ ነው፤ ካልጸዳ የፒሲአሩን (ዲኤንኤ የማባዛቱን ሥራ) ኢንዛይም ቀጥ ያደርገዋል። እባክሽ ማጽዳቱ ላይ አትሰስቺ።

ከዚያ ዲኤንኤ አንባቢው ማሽን የሚሰጥሽ ብዙውን ጊዜ 150 የዲኤንኤ ፊደል ገደማ የሆኑ ቁርጥራጮች ነው። አራት ኪሎ መንገድ ዳር የተዘረጉትን ጋዜጦች በሙሉ ቀዳደሽ አንድ ጆንያ ውስጥ ቀላቀልሻቸው በይ። ኮምፒውተሩ ጫፋቸው የሚገጥመውን እየቀጠለ ረጅም ጽሑፍ ይሠራል፣ ጂኑ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ይፈልጋል፣ ወደ ፕሮቲን ይተረጉመውና ከሚታወቁት ጋር ያስተያየዋል። ዘመድ ያልተገኘለት «አዲስ» ይባላል። ግን የሁለት ባክቴሪያ ቁራጭ በስህተት ተጣብቆ የትም የሌለ ፕሮቲን ሊፈጥርም ይችላል!

ጓደኛሽ የዘለለው ይሄን ነው፤ ኮምፒውተር ላይ ያለው ገና ግምት ነው። አልፋፎልድ የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም የፕሮቲኑን ቅርጽ ይተነብይልሻል፣ ዘመድ የሌለው ፕሮቲን ላይ ግን እሱም ይደክማል። ሴሉሎስ (የእጽዋት ሴል ግድግዳ የተሠራበትን ነገር) ይቆርጣል ብለሽ ከጠረጠርሽ ጂኑን ኢ. ኮላይ በሚባለው ባክቴሪያ ውስጥ አስገብተሽ፣ ፕሮቲኑን አሠርተሽ፣ ሴሉሎስ ሰጥተሽ ማየት አለብሽ። እና ማሳደግ መች ቀረ?

ነጠብጣቦቹን አደራ እንዳትደፊያቸው። ግሊሰሮል (ሲቀዘቅዙ እንዳይሞቱ የሚጠብቅ ፈሳሽ) ጨምረሽ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጫቸው። ከአፈሩ ያነበብሽው ጂን ከነሱ በአንዱ ውስጥ ከተገኘ ባለቤቱ በሕይወት እጅሽ ላይ አለ ማለት ነው።