ቋሚ ስልካችን ወደ ፋይበር ሲዞር፦ ጥያቄና መልስ ለባሕር ዳር ነጋዴዎች

ሰላም ጎበዝ። የመዳቡ መስመር ወደ ፋይበር ሲቀየር ሱቁ፣ ሎጁ፣ ክሊኒኩ ምን ያዘጋጅ እያላችሁ ስትጠይቁኝ ሰነበታችሁ። የቢሮ ስልክ መዘርጋት ሥራዬ ነው፤ ዛሬ ማታ ቁጭ ብዬ እመልሳለሁ። ዋጋ ግን አትጠይቁኝ፤ እሱን 994 ደውላችሁ ከቴሌ ስሙ። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር፦ አዲሱ መስመር ከውጭ ተደውሎለት መሥራቱ ሳይረጋገጥ አሮጌውን እንዳታስቆርጡ።

ባለ ሎጅ፣ ጣና ዳር፦ ኢንጂነር፣ መብራት ሲጠፋ ስልኩም አብሮ ይጠፋል የሚሉት እውነት ነው? የድሮው በጨለማም ይጮህ ነበር እኮ።

መልስ፦ እውነት ነው። ዋናው ጥያቄም ይኼ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ። የድሮው ስልክ ኃይል የሚያገኘው ከእናንተ ግድግዳ አልነበረም። ከቴሌ ጣቢያ በዚያው በመዳቡ ሽቦ 48 ቮልት ይመጣለት ነበር። ጣቢያው ባትሪ አለው። ሰፈሩ በሙሉ ጨልሞ ስልኩ የሚጮኸው ለዚህ ነው። ፋይበር ግን መስታወት ነው። ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ አይሸከምም። ስለዚህ ለስልኩ ኃይል ማቅረብ የእናንተ ሥራ ሆነ።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። የፋይበር ሳጥኑን (ብርሃኑን ወደ ስልክና ኢንተርኔት የሚቀይረውን) እና የራውተሩን አዳፕተር ገልብጣችሁ የተጻፈውን አንብቡ። ሁለቱ አንድ ላይ 20 ዋት ይበላሉ እንበል። ትንንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ውስጥ በብዛት የሚገኘው ባትሪ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት ነው። ሲባዛ 84 ዋት ሰዓት ይመጣል። በወረቀት 4 ሰዓት ያህል ያቆያል። ግን 12 ቮልቱ ወደ 220 ሲቀየር የሚባክን አለ፤ ባትሪውም ያረጃል። ግማሹን ብቻ ቁጠሩ። ቀጥታ 12 ቮልት የሚያወጣ ሚኒ ዩፒኤስ ካገኛችሁ ብክነቱ ያነሰ ነው፤ ቮልቱና አምፒሩ ከሳጥኑ አዳፕተር ጋር መግጠሙን ግን ሳታዩ አትግዙ። ኮምፒውተርና ፕሪንተር እዚያው ላይ አትሰኩ።

ገመድ አልባ ስልክ ካላችሁም መቀመጫው መብራት ይፈልጋል። ከጎኑ አንድ ተራ ባለ ገመድ ስልክ አኑሩ።

ባለ ወፍጮ፣ ዓባይ ማዶ፦ እኛ ጄነሬተር አለን። ዩፒኤስ ምን ያደርግልናል?

መልስ፦ ጄነሬተሩ እስኪነሣ ሳጥኑ ይጠፋል። ከዚያ ሳጥኑ እንደገና እስኪነሣ ደቂቃዎች ይወስዳል። መስመር ላይ የነበረው ደንበኛ ተቆርጧል። ጄነሬተር ሲነሣም ቮልቱ ይዘላል። ሁለቱም ያስፈልጓችኋል።

ሞባይል ጥገና፣ ቀበሌ 14፦ ይቅርታ፣ ግን በዚህ ዘመን በቋሚ ስልክ ማን ይደውላል? አስቆርጡትና ተገላገሉ።

ባለ ፋርማሲ፦ እኔ ጋ ሆስፒታሉ የሚደውለው በ058 ነው። ሠራተኛ ሲለቅ ሞባይሉን ይዞ ይሄዳል። 058ቱ ከሱቁ አይወጣም።

ሞባይል ጥገና፦ ሲሙን በድርጅቱ ስም አውጪዋ! ያ የሠራተኛው ጥፋት ነው።

ባለ ፋርማሲ፦ አሥር ዓመት ማኅተሜ ላይ ያለ ቁጥር ነው። ደረሰኜ ላይ፣ ታፔላዬ ላይ። ማን ይቀይርልኛል?

መልስ፦ ጥያቄ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። እኔ በዚህ ከእህቴ ጋር ነኝ፤ ደንበኛ የለመደውን ቁጥር መጣል ኪሳራ ነው። መስመሩ ሲቀየር ቁጥሩ ያው መሆኑን በጽሑፍ ጠይቁ። በቃል አይሆንም።

ባለ ካፌ፣ ግሽ ዓባይ፦ መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል?

መልስ፦ ከላይ ነው። እባክህ ከፍ ብለህ አንብብ።

የሆቴል ሒሳብ ሠራተኛ፦ ፋክስስ?

መልስ፦ ስካን አድርጋችሁ በኢሜይል ላኩ። ፋክስ በዲጂታል መስመር ብዙ ጊዜ መሐል ላይ ይቆረጣል።

ያው ጠያቂ፦ የካርድ ማሽኑና የማንቂያ ደወሉስ?

መልስ፦ ይኼ ጥሩ ጥያቄ ነው። ቤቱን ዙሩና ከስልክ ሽቦው ላይ የተንጠለጠለውን ሁሉ መዝግቡ። የካርድ ማሽኑ ሲም ያለው ከሆነ አይነካውም። የስልክ ገመድ የሚሰካበት ከሆነ ለባንካችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ። ማንቂያ ደወል በመስመሩ የሚደውል ከሆነ ባለ ሲም እንዲሆን ጠይቁ። ይኼ ሁሉ ሳያልቅ አሮጌውን አታስቆርጡ፤ ሁለተኛ መናገሬ ነው።

ባለ ሎጅ፦ እንግዶቻችን ፊልም ሲያወርዱ ስልኩ አይንተባተብም?

መልስ፦ ስልኩ የት እንደተሰካ ይወስነዋል። ሳጥኑ ጀርባ ካለው የስልክ ሶኬት ከሆነ ድምፁ አብዛኛውን ጊዜ ከኢንተርኔቱ ተለይቶ ቅድሚያ ይሰጠዋል። በኮምፒውተር ወይም በአፕ የምትደውሉ ከሆነ ግን ከእንግዳው ፊልም ጋር ይጋፋል። አንድ ጥሪ በየአቅጣጫው 100 ኪሎቢት በሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። ትንሽ ናት። ጥሪውን የሚያጣብበው ከእናንተ ወደ ውጭ የሚላክበት ፍጥነት (አፕሎድ) ማነስ ነው፤ ስትዋዋሉ እሱን ጠይቁ። የእንግዳውን ዋይፋይ ከቢሮው ለዩት፤ ገደብም አድርጉበት።

ባለ ጉዞ ወኪል፦ ኢንተርኔት የተቋረጠ ጊዜስ?

መልስ፦ በአፕ የሚደወለው ይቋረጣል። የሳጥኑ ስልክ የተለየ አገልግሎት ስለሆነ ኢንተርኔቱ ብቻ ከሆነ የቆመው ሊሠራ ይችላል። ፋይበሩ ራሱ ከተቆረጠ ሁለቱም የሉም። ሞባይል ቻርጅ አድርጋችሁ ያዙ፤ 991 (ፖሊስ) ለመደወል የሚፈለገው እንዲህ ያለ ቀን ነው።

ስም የለሽ፦ አይሠራም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ምኑ? ሳጥኑ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ብርሃኑ አልደረሰም። ገመዱ ተጣጥፎ ወይም በወንበር ተረግጦ እንደሆነ እዩ። ካልሆነ 994።

ባለ ወፍጮ፦ እንግሊዝ አገር ያለው ወንድሜ እነሱ ጋ ለውጡ በግድ ነው ይላል። እኛስ ለምን እንቸኩላለን?

ሞባይል ጥገና፦ እነሱም እኮ አራዝመውታል።

መልስ፦ አዎ። በፈረንጆቹ 2025 መጨረሻ ሊዘጉት ነበር፤ ወደ ጥር 2027 ገፉት። አንዱ ምክንያት ቤታቸው የድንገተኛ ጥሪ መሣሪያ ያላቸው አረጋውያን ናቸው። መሣሪያው በመዳቡ ይደውል ነበር። ከላይ ሽቦው ላይ የተንጠለጠለውን መዝግቡ ያልኩት ይኼንኑ ነው።

ባለ ሎጅ፦ የክረምቱ መብረቅስ? ዘንድሮም ስልክ አቃጥሎብናል።

መልስ፦ መስታወቱ መብረቅ አያስገባም። አንዳንዱ የውጭ ገመድ ግን የሚያጠነክረው የብረት ሽቦ አለው፤ እሱ ውጭ ይታሰር እንጂ ቤት አይግባ። መብረቁ በመብራት መስመርም ይመጣል። ነጎድጓድ ሳይጀምር አዳፕተሩን ንቀሉ።

ባለ ፋርማሲ፦ የመጨረሻ። ቤት ውስጥ ያለው የድሮ ሽቦ፣ ላይኛው ፎቅና መጋዘን የሚሄደው፣ ይጣላል?

መልስ፦ አይጣልም። ከሳጥኑ የስልክ ሶኬት አውጥታችሁ እዚያው ሽቦ ላይ ልታስገቡ ትችላላችሁ። ግን በመጀመሪያ ከውጭ የሚመጣው መዳብ ከቤቱ ሽቦ መለየት አለበት። ሲጠራ በዚያ ሽቦ ከ70 ቮልት በላይ ይመጣል፤ ሳጥኑን ያቃጥለዋል። መግቢያው ላይ ያለችውን ትንሽ ሣጥን ክፈቱ፣ ሁለቱን የውጭ ሽቦዎች ፍቱ፣ ጫፋቸውን ለየብቻ በፕላስተር ጠቅልሉ። ካላወቃችሁበት ባለሙያ ይፍታው። ከዚያ ከሞባይላችሁ ወደ 058ታችሁ ደውሉና መጋዘኑም ድረስ መጮኹን ስሙ።