ሕፃናት ያሉበት ቤት የፋሲካ ዝግጅት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የ4 ዓመት ልጅና የ1 ዓመት ተኩል ሕፃን አሉኝ። ለፋሲካ ዓርብ ማታ አማቴ ከገጠር ይመጣሉ። ዓምና ቅዳሜ ሽንኩርቱ እያረረ፣ ልጆቹ እያለቀሱ፣ እኔና ባለቤቴ እየተነታረክን ነው የመሸው። ዘንድሮስ ምን ይሻለኛል? (እናት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ የሚያጣላችሁ ሥራው ሁሉ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ላይ መከመሩ ነው። ያ ደግሞ ትንሹ ልጅ የሚተኛበት ሰዓት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቁሌቱን ከቅዳሜ ያውጡት።

ለአንድ ዶሮ 2 ኪሎ ያህል ሽንኩርት ካሰቡ፣ መላጥና መክተፉን ማክሰኞ ማታ ከባለቤትዎ ጋር ይጨርሱት። ረቡዕ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ያቁላሉት። ሽንኩርት ውኃውን የሚጨርሰው በዝግታ ነው፤ ቶሎ ይድረስልኝ ተብሎ እሳት ሲጨመርበት ከሥር ይይዝና ይመራል፤ ያኔ እንደ አዲስ መጀመር ነው። በዘይትና በበርበሬ አብስለው ቅቤውን ለቅዳሜ ይተዉት፤ እንዲያ ሲሆን የጾም ምግብ ስለሆነ ቀምሰው ማስተካከልም ይችላሉ። ከእሳት ሲወርድ በድስቱ አያሳድሩት። ሰፋ ባለ ዕቃ ሳሳ አድርገው አብርደው፣ 2 ሰዓት ሳይሞላው ፍሪጅ ያስገቡት። መብራት የሚመላለስበት ሰፈር ከሆነ ፍሪዘር ይሻላል።

የዶሮውን ብልት ማውጣት ለአማትዎ ይስጡ። 12ቱን ብልት በወጉ መለየት ሙያ ነው፤ "እርስዎ እያሉ ማን ይነካዋል" ቢባሉ ደስ ይላቸዋል። የራሳቸው ሥራ ያላቸው አማት በእርስዎ ድስት ላይ አይመጡም። ዶሮ የታጠበበት ሳህንና ቢላዋ ግን ከልጆቹ ምግብ ጋር አይገናኝ።

ባለቤትዎን "ልጆቹን ያዝልኝ" ብሎ መጥራት ብዙም አይሠራም፤ ሰዓቱን ቆርጣችሁ ተስማሙ። ቅዳሜ ከ7 እስከ 11 ሰዓት ልጆቹ የአባታቸው ናቸው፦ ምሳ፣ እንቅልፍ፣ ገላ መታጠብ፣ ሁሉም።

ሌሊቱስ? ከ1 እስከ 2 ዓመት ያለ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ11 እስከ 14 ሰዓት፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለ ደግሞ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት አለበት። ስለዚህ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጾም ሲፈታ ትንሹን አይቀስቅሱት። አያት "ይቅመስ እንጂ!" ማለታቸው ስለማይቀር ዓርብ ማታ ባለቤትዎ ቀድሞ ይንገራቸው፤ ከልጃቸው ሲሰሙት ይቀላል። ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ካልሄድኩ ካለ ቀንም ይተኛ፣ ማታም 1 ሰዓት ላይ አልጋው ይግባ። የበራ ጧፍ ግን አያስይዙት። ነጠላ ስስ ጥጥ ስለሆነ እሳት ከነካው ወዲያው ይያያዛል።

ጥያቄ፦ የ3 ዓመት ልጄን በየዓመቱ በፋሲካ ማግስት ያስቀምጠዋል፣ ያስመልሰዋል። ሥጋው ይሆን? (አባት፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ሥጋው ብቻውን ላይሆን ይችላል። ቤቱ 55 ቀን በሽሮና በምስር ከርሞ ልጁ በአንድ ጠዋት ቅቤ፣ ዶሮ፣ እንቁላልና ለስላሳ መጠጥ ይደራረብበታል፤ በየሄዳችሁበት ቤት ደግሞ ጉርሻ አለ። የመጀመሪያውን ቀን ግማሽ እንቁላልና ትንሽ አልጫ ይበቃዋል።

ከዚህ የሚብሰው ድስቱ ነው። ወጥ ምድጃው ላይ ውሎ ሲያድር ጀርም ይራባበታል፤ አንዳንዱ ጀርም የሚተወው መርዝ ደግሞ ወጡ እንደገና ቢንተከተክም አይጠፋም። ለአንድ ማዕድ የሚበቃውን ብቻ እያወጡ ያሙቁ። ጥሬ ሥጋና ያልበሰለ ክትፎ ለሕፃን አይሰጥም፤ እንግዳ ቢያኮርፍም።

ካስቀመጠው አንድ ፓኬት ኦ.አር.ኤስ (ለተቅማጥ የሚሰጥ፣ በውኃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) በፓኬቱ ላይ በተጻፈው ልክ (አብዛኛውን ጊዜ 1 ሊትር) ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ይበጥብጡ። በተቀመጠ ቁጥር ከግማሽ እስከ አንድ ኩባያ ይጠጣ። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቀው በማንኪያ በዝግታ ይቀጥሉ። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን ይድፉት። ሰገራው ደም ካለው፣ መጠጣት ካቃተው፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም ከፈዘዘ ጊዜ ሳይሰጡ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።

ጥያቄ፦ ቡና የተፈላበትን ከሰል፣ ጭሱ ካለቀ በኋላ ልጆቹ የሚተኙበት ክፍል ብናስገባው ችግር አለው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ አዎ፣ ይገድላል። ፍም ከሆነ በኋላም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣዋል፤ ጋዙ ሽታም ቀለምም የለውም። ከሰሉ ደጅ ይቀጣጠል፤ ቡናው መስኮትና በር ተከፍቶ ይፈላ፤ ሲያልቅ ምድጃው ወደ ውጭ ይውጣ። ጀበናና ረከቦት ከልጅ እጅ በማይርቅ ከፍታ ላይ ስለሚቀመጡ ቡና ከምታፈላው ሌላ አንድ ሰው ልጆቹን ይጠብቅ። ትኩስ ነገር ከፈሰሰበት ቦታውን ለ20 ደቂቃ በሚወርድ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውኃ ያብርዱት። ቅቤም፣ የጥርስ ሳሙናም አይቀቡት። ፊቱን ወይም እጁን ከሆነ፣ ወይም ውኃ ከቋጠረ ወደ ሐኪም ይውሰዱት።