የድሮ ቮልስ ልትገዙ ነው? ጠይቁኝ

ሱሉልታ ነው ያለሁት። ግቢዬ ውስጥ ሦስት ቮልሶች አሉ፤ ሁለቱ ይነዳሉ። ዛሬ ከሰዓት የቻልኩትን እመልሳለሁ። አስቀድሜ ግን ልንገራችሁ፦ የሻንሲ ቁጥሩን (መኪናዋ ላይ የተመታውን መለያ) ከሊብሬው (ከባለቤትነት ደብተሩ) ጋር ሳታመሳክሩ ቀብድ እንዳትከፍሉ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለገጣፎ አንዲት ቮልስ አየሁ። ቀለሟ ያብረቀርቃል። መጀመሪያ ምኗን ልይ?

መልስ፦ ቀለሙን ተወው። የኋላ ወንበሯን አንሳ። ባትሪው እዚያ ሥር ነው፤ አሲዱ እየተንጠባጠበ ወለሉን ይበላዋል። ምንጣፉን ግለጥና በካቻቢቴ እጀታ ቆርቆር አድርገው። ጤነኛ ላሜራ ይጮኻል፣ ቀዳዳ መድፈኛው ስቱኮ ግን ድምፁ ድፍን ነው። ማግኔትም ያዝ፤ ስቱኮ ላይ አይለጠፍም። ከዚያ ከበሮቹ ሥር በግራና በቀኝ ያለውን ቱቦ መሳይ ብረት እይ። የሞተሩ ሙቀት ወደ ውስጥ የሚገባው በእሱ ነው፣ ቦዲውንም ይሸከማል። እሱ ከበሰበሰ ጥለሃት ሂድ። ሞተር ይታደሳል፤ እሱን ለመቀየር ግን ቦዲውን ከሻንሲው እስከ ማንሳት ትደርሳለህ። የሻንሲ ቁጥሩም እዚያው ወንበሩ ሥር፣ መሃል ጉብታው ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ቮልስ ስንት ያወጣል?

መልስ፦ የትኛዋ? ዓመቷንና ሁኔታዋን ሳትነግረኝ ዋጋ አልጠራም።

ጥያቄ፦ ሻጩ “ጃንሆይ የተወሰዱባት ዓይነት ናት” ብሎ ዋጋ ሰቀለብኝ።

መልስ፦ መስከረም 2 ቀን 1967 ከቤተ መንግሥት በቮልስ መወሰዳቸው እውነት ነው። ቮልስ ግን በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። ዓይነቷ ስለተመሳሰለ አምስት ሳንቲም አትጨምር።

ሌላ አባል፦ ያቺኛዋ አረንጓዴ ነበረች።

ሌላ አባል፦ ኧረ ሰማያዊ ናት! አባቴ በዓይኑ አይቷል።

መልስ፦ የቀለሙን ክርክር ለሌላ ቀን አቆዩት። ሰው ብሩን ይዞ እየጠበቀ ነው።

ጥያቄ፦ ገንዘቤን ጊታር ላይ ባውለውስ?

መልስ፦ ጊታር አላውቅም። ሙዚቀኛ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ቮልስ ታተርፋለች ወይ?

መልስ፦ የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን በጣም አስወደደ። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ፋብሪካውም የመጨረሻዋን በ2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ ሠርቶ አቁሟል። ያሉን ያሉት ናቸው። ቢሆንም በልጅህ ትምህርት ቤት ክፍያ እንዳትገዛ። እኔ የመጀመሪያዋን ስገዛ የሻንሲ ቁጥሯ ሁለት አሃዝ ከሊብሬው ጋር አይገናኝም ነበር። ያወቅኩት ስም ላዛውር ስሄድ ነው። ዓመት ሙሉ ቆማ ቀረች። ቁጥሩን እዩ የምለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ እንጦጦን ስወጣ ጥቁር ጭስ ትተፋለች። ጉልበትም የላትም።

መልስ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ! ከፍታው ላይ አየሩ ይሳሳል፣ ካርቡሬተሩ ግን ቤንዚኑን አይቀንስም። ስለዚህ ቤንዚኑ ይበዛል። ቤንዚን የሚያሳልፈውን ትንሿን የነሐስ ቀዳዳ በአነስተኛ ቁጥር አስቀይር። የቫልቩን ክፍተት ሞተሩ ቀዝቅዞ አስለካ፤ ለአብዛኞቹ 0.15 ሚሊሜትር ነው። ራዲያተር የላትም፤ የሚያቀዘቅዛት አየርና ዘይት ነው። የምትይዘው ዘይት ደግሞ 2.5 ሊትር ብቻ ነው። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ቀይር።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አንድ ቮልስ አግኝቻለሁ፣ ልግዛ?

መልስ፦ ወንበሩን አነሳህ? ቁጥሩን አየህ? ከላይ ጽፌዋለሁ፤ አንብበህ ተመለስ።

ጥያቄ፦ የለገጣፎው ነኝ፣ አሁን እዚያው ቆሜያለሁ። ባትሪው ሥር ጣቴ ያልፋል። የጎኑ ብረት ግን ይጮኻል፣ ቁጥሩም ከሊብሬው ጋር አንድ ነው።

መልስ፦ እንግዲያው ወለል ብቻ ነው። የብየዳውን ከዋጋው ላይ አስቀንስ። ቅዳሜ ጠዋት አምጣትና አብረን ከሥር እናያታለን።