ሌሊቱን እያነበብኩ ውጤቴ ለምን ዝቅ አለ?

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጅ፣ የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሲሆን የ11ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። በፊዚክስ የአጋማሽ ፈተና ከ30 ያገኘሁት 11 ነው። ያልተማርኩትን ጠይቀውኝ ቢሆን ባልከፋኝ ነበር፤ ነገር ግን ደብተሬን ከዳር እስከ ዳር ደጋግሜ አንብቤ፣ ዋና ዋናውን በቀለም አስምሬ ነው የገባሁት። ቤታችን ስቱዲዮ ስለሆነ ቤተሰብ እስኪተኛ ጠብቄ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት አጠናለሁ፤ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ደግሞ አውቶቡስ ለመያዝ እነሳለሁ። አባቴ «ስልክ እየነካካሽ ነው» ይለኛል። ከተሳሳትኳቸው ጥያቄዎች አንዱን አያይዣለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ደብዳቤሽን ያነበበ ሰው ትጋት ጎድሏታል ሊል አይችልም። የሚታረመው የአጠናን መንገድሽ ነው፤ ለዚህም ያያያዝሽው ጥያቄ ጥሩ ማስረጃ ይሆነናል። ጥያቄው ከቆመበት ተነስቶ ፍጥነቱ በየሰከንዱ በ2 ሜትር በሰከንድ እየጨመረ የሄደ መኪና በ5 ሰከንድ ውስጥ ስንት ሜትር እንደተጓዘ ይጠይቃል። አንቺ የመጨረሻው ፍጥነት 10 ሜትር በሰከንድ መሆኑን በትክክል አግኝተሻል፤ ከዚያ በ5 አባዝተሽ 50 ሜትር ብለሻል። መኪናው ግን ከዜሮ ስለጀመረ መንገዱን ሁሉ በዚያ ፍጥነት አልሄደም፤ አማካይ ፍጥነቱ 5 ሜትር በሰከንድ ስለሆነ መልሱ 25 ሜትር ነው። ፎርሙላ አልጠፋብሽም፤ የተጠቀምሽበት ፎርሙላ ፍጥነቱ ለማይለዋወጥ ነገር ብቻ እንደሚሠራ ሳታጣሪ ነው ያለፍሽው። ደብተር ማንበብ ደግሞ ይህን ማጣራት አያለማምድም፤ ምክንያቱም እዚያ ምሳሌው ሁሉ በየርዕሱ ሥር ተሰድሮ፣ ፎርሙላውም በመምህሩ ተመርጦ ይጠብቅሻል።

ገጹን ደጋግመሽ ስትገልጪ ዓይንሽ ስለለመደው «ይህንንማ አውቀዋለሁ» ማለትሽ አይቀርም። በ2006 እ.ኤ.አ. ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ተማሪዎች ሁለት ጽሑፎችን አንብበው አንዱን መልሰው እንዲያነቡት፣ ከሌላው ደግሞ ሳያዩ ያስታወሱትን እንዲጽፉ ተደርጎ ነበር። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ መልሰው ያነበቡትን በጥቂቱ የበለጠ አስታወሱ፤ ከሳምንት በኋላ የተፈተኑት ግን መልሰው ካነበቡት 42 በመቶ ገደማ፣ ሳያዩ ከጻፉት ደግሞ 56 በመቶ ገደማ አስታወሱ። አንቺም ሌሊት ያወቅሽው ፈተና ላይ የጠፋብሽ ከዚሁ የተነሳ ይመስለኛል።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የጥናትሽን ትልቁን ክፍል ደብተርሽን ዘግተሽ አድርጊው። የዕለቱን ትምህርት አንድ ጊዜ ካነበብሽ በኋላ በባዶ ወረቀት ላይ የገባሽን ሁሉ ጻፊ፤ ከዚያ ደብተሩን ገልጠሽ የረሳሽውንና ያዛባሽውን በሌላ ቀለም አርሚ። መጀመሪያ ላይ ወረቀቱ ግማሽ እንኳ ሳይሞላ ይቀራል፤ ይህ የሚያስደነግጥ ቢሆንም ሥራው እየተሠራ ያለው ያኔ ነው። ስሌት ሲሆን የምሳሌውን መፍትሔ ሸፍነሽ ራስሽ ሥሪው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከተለያዩ ምዕራፎች የተውጣጡ ጥያቄዎችን ቀላቅለሽ፣ ከመሥራትሽ በፊት የትኛው ፎርሙላ ለምን እንደሚሆን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሳይገባ መሸምደድ ቀላል ነው፤ እኔ የምመክረው ሐሳቡን መጀመሪያ ለታናሽሽ እንደምታስረጂ አድርገሽ በአማርኛ እንድትናገሪው፣ ከዚያም በእንግሊዝኛ እንድትጽፊው ነው።

የፈተና ወረቀትሽንም አትደብቂው። ነጥብ ባጣሽበት ጥያቄ ሁሉ አጠገብ ምክንያቱን ጻፊ፦ ጭራሽ አላውቀውም ነበር፣ አውቀው ነበር ግን አልመጣልኝም፣ ወይም ቸኩዬ ነው። ወረቀቱን ይዘሽ መምህርሽ ዘንድ ስትሄጂ «ፊዚክስ አልገባኝም» ከማለት ይልቅ «እዚህ መሥመር ላይ ነው የሳትኩት» ማለት ትችያለሽ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ደግሞ መምህሩ በእረፍት ሰዓት እንኳ ቆሞ ሊመልሰው ይችላል።

ስለ ሰዓትሽ ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ሦስት ሰዓት ተኩል እንቅልፍ ለአንቺ ዕድሜ እጅግ ትንሽ ነው፤ የሚመከረው ከ8 እስከ 10 ሰዓት ሲሆን፣ ቀን የተማርሽው በአእምሮሽ የሚረጋውም በአብዛኛው ስትተኚ ነው። ስለዚህ ጥናቱን ወደ ቀን አምጪው፦ ከትምህርት በኋላ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት አንድ ሰዓት፣ ቤት ደግሞ ማታ አንድ ሰዓት ይበቃል፤ ስልክሽን ያኔ ለእናትሽ ስጫት። የሰኞውን ትምህርት ሰኞ ማታ፣ ረቡዕ፣ ከዚያም በሳምንቱ ሳታዪ ጻፊው፤ እንዲህ ተራርቆ ሲደገም ፈተና ሲደርስ ሌሊት የሚያስቀምጥ ብዙ አይተርፍም። አራት ኪሎ ያለውን፣ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተውን አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቅዳሜ መጠቀም ትችያለሽ፤ በአዘቦት ቀን ግን ከየካ አባዶ መመላለሱ ጊዜሽን ስለሚበላ አልመክርሽም።

አባትሽን በክርክር ከማሳመን ይልቅ ምክንያቱን የጻፍሽበትን የፈተና ወረቀት አሳዪአቸው፤ ማታ በዚያች አንድ ሰዓት ቴሌቪዥኑ እንዲዘጋም በአክብሮት ጠይቂያቸው።