አሮጌ ስልክ ከመሸጥሽ በፊት

እህቴ፣ «ስልኬን ደሴ ፒያሳ ልሸጠው ነው፤ ፎቶዎቹን ማጥፋት አይበቃም ወይ?» ብለሽ ለጠየቅሽው፦ አይበቃም። ግን አብሽሪ፣ የአንድ ምሽት ሥራ ነው።

አምና ኮምቦልቻ አንድ ኢንተርኔት ቤት ሲቪ ላትም ቴሌግራሜን ከፍቼ ሳልዘጋ ወጣሁ። ከሳምንታት በኋላ ሴቲንግ ገብቼ አካውንቴ የተከፈተባቸውን መሣሪያዎች ሳይ ያ ኮምፒውተር አሁንም አለ። የእናቴ መታወቂያ ፎቶ ሳይቀር ለማንም ክፍት ነበር! በጣም ነው የደነገጥኩት። ስለዚህ መጀመሪያ እዚያ ግቢና የማታውቂውን ሁሉ አስወጪ። ቀጥለሽ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን፣ ማለትም ራስሽ የምታወጪውን ተጨማሪ ፓስዎርድ፣ አብሪ፤ ያኔ በኤስኤምኤስ የሚመጣው ኮድ ብቻውን አካውንትሽን አይከፍትም። የተውሽው የድሮ ሲም ካለ ደግሞ ይህ የግድ ነው፤ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል፣ ኮዱም ለእሱ ይደርሳል። በዚያ ቁጥር የተመዘገበ ባንክ ወይም ኢሜይል ካለሽም ቀይሪው።

ወደ ስልኩ ስንመጣ፣ የምትፈልጊውን ገልብጪ፣ ከጉግል አካውንትሽ ሎግ አውት አድርጊ፣ ከዚያ ፋብሪካ ሪሴት አድርጊው፤ ማለትም ስልኩን ሁሉን አጥፍተሽ እንደ አዲስ መልሺው። ከአካውንቱ ሳትወጪ ሪሴት ካደረግሽው ገዢው ያንቺን ፓስዎርድ ሊጠየቅ ይችላል። ሲሙንና ሚሞሪ ካርዱን ማውጣት እንዳትረሺ፤ ሚሞሪው ላይ ያለው ፎቶ ከስልኩ ጋር ላይጠፋ ይችላል።

በአዲሱ ስልክሽም የማትጠቀሚባቸውን አፖች አጥፊ። የእጅ ባትሪ አፕ ኮንታክትሽን ለማየት ከጠየቀ አትፍቀጂለት፣ ለመብራት ኮንታክት አያስፈልገውም።

ስልኩ ሳምሰንግ ነው ቴክኖ? ንገሪኝና የት የት እንደምትነኪ እጽፍልሻለሁ።